የቁስል ሹመትና ሽረት

በአማርኛ ቁስል ሲድን «ሻረ» ይባላል። ሹም ከወንበሩ ሲወርድ፣ ሕግ ሲሰረዝ፣ በዓል ሲፈርስ የሚነገረውም ይኸው ቃል ነው። ቁስል በገላ ላይ ለጊዜው የሠለጠነ ገዥ ይመስል መዳኑ እንደ ሽረት ተቆጥሯል። በወሎ በሽተኛ የሚጠይቅ ሙስሊም «አላህ ያሽርህ» ይላል፤ ክርስቲያኑ «እግዜር ይማርህ» ይላል። ሁለቱም ምርቃት በአንድ ግቢ ይሰማል፣ አንዱ በሌላው ቃል ሲመርቅም ማንም አይደነቅም። በሁለቱም ውስጥ የማሻሩ ባለቤት ቁስለኛው አይደለም፤ ወጌሻውም መድኃኒቱም አይደሉም።

ታዲያ የሚያሽረው ማን ነው? ጥያቄው በኢትዮጵያ አሮጌ ነው። ሙሉ ይዘቱ በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የቆየው መጽሐፈ ሄኖክ በ40ኛው ምዕራፉ ሩፋኤልን በሰው ልጆች ደዌና ቁስል ሁሉ ላይ የተሾመ መልአክ ያደርገዋል። የመልአኩ ስም በዕብራይስጥ እግዚአብሔር ፈወሰ ማለት ነው። ጳጉሜን 3 ቀን፣ በዓሉ ሲከበር፣ የሚዘንበው ዝናብ እንደ ጠበል ይታያልና ልጆች ደጅ ወጥተው ይጠመቁበታል። በዚህ እምነት ቁስል የራሱ ሹም አለው፣ የሹሙም ሥራ መሻር ነው። ያለፉት 50 ዓመታት ምርምር በበኩሉ በቁስል ውስጥ የሚሠሩትን አንድ በአንድ ለይቶ ስም ሰጥቷቸዋል። ይህ ዕውቀት የሩፋኤልን ሹመት የሻረ የሚመስላቸው አሉ። በተለይ አዲስ የደም ሥር በቁስል ላይ እንዴት እንደሚበቅልና እንዴት እንደሚጠፋ በዝርዝር የተከታተለ ሰው ግን እንዲህ ለመደምደም ይቸገራል።

ክትትሉ ከወሎ ምድር ይጀምር። ውርጌሳ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በውጫሌና በመርሳ መካከል ያለች የሐብሩ ወረዳ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ማሽላና ጤፍ ይዘራል፤ በአጨዳ ወራት ማጭድ ጣት ይቆርጣል፣ እሾህ እግር ይወጋል። በ2014 ዓ.ም. መስከረምና ጥቅምት አካባቢዋ የሰሜኑ ጦርነት ግንባር ነበር፤ የዚያን ጊዜ ቁስል ከማጭድ ቁስል ጋር አይነጻጸርም። ሥጋ ግን ማን እንደቆረጠው አይለይም። የማጭዱንም የጥይቱንም የሚጠግነው በአንድ ሥርዓት ነው፤ የሚለያዩት በጥልቀታቸው፣ በገባባቸው ቆሻሻና በጠፋው ሥጋ ብዛት ነው።

ጣት ሲቆረጥ መጀመሪያ የሚሆነው ለሁሉም ይታያል፦ ደም ይፈሳል፣ ከዚያም ይረጋል። ፕሌትሌት የሚባሉት ከደም ጋር የሚዞሩ ጥቃቅን አካላት የተቆረጠውን ግድግዳ ሲነኩ ይጣበቁና እርስ በርስ ይቆለላሉ፤ በውስጣቸው የያዙትንም ይዘረግፋሉ። ከሚዘረግፉት መካከል ግሮውዝ ፋክተር የሚባሉት፣ በአማርኛ የዕድገት አነሳሽ ቢባሉ የሚያምርባቸው ፕሮቲኖች አሉ፦ ፒዲጂኤፍ፣ ቲጂኤፍ-ቤታ፣ ቬጅፍና ሌሎችም። የረጋው ደም ራሱ ፋይብሪን ከተባለ ክር የተሠራ መረብ ነው፤ ኋላ የሚመጡት ሕዋሳት በእሱ ላይ ይሻገራሉ። በሰዓታት ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ነጭ የደም ሕዋሳት ይደርሳሉ። በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ማክሮፋጅ የሚባሉት ይበዛሉ፤ የሞተውን ሕዋስና የገባውን ተሕዋስ ይውጣሉ፣ እየዋጡም የዕድገት አነሳሽ ያመነጫሉ። ጠራጊውና አሳዳጊው አንድ መሆናቸው በዚህ ሥርዓት ውስጥ ደጋግሞ የሚታይ ጠባይ ነው።

የተቆረጠ ሥጋ ትልቁ ችግር ደም ሥሩም አብሮት መቆረጡ ነው። አንድ ሕዋስ በሕይወት ለመቆየት ከቅርቡ ቀጭን የደም ሥር ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊሜትር በላይ መራቅ የለበትም፤ ኦክስጅን በሥጋ ውስጥ ሠርጎ የሚደርሰው እስከዚያ ድረስ ብቻ ነው። በቁስሉ መሃል ያሉት ሕዋሳት ስለዚህ ይታፈናሉ። በዚያ ላይ የሚጎርፉት ነጭ ሕዋሳት ያለችውን ጥቂት ኦክስጅን ይሻሟቸዋል። መታፈን ጉዳት ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥልቅ ቁስል ሁሉ በስብሶ በቀረ ነበር። ሰውነት ግን መታፈኑን ያነበዋል።

የሚያነብበት ፕሮቲን ሂፍ ይባላል። ሕዋስ ሂፍን ሳያቋርጥ ይሠራዋል፤ ኦክስጅን ካለ ደግሞ ሳያቋርጥ ያፈርሰዋል። ያለ ኦክስጅን የማይሠሩ ኤንዛይሞች በሂፍ ላይ ትንሽ ምልክት ያትማሉ፣ ቪኤችኤል የተባለ ሌላ ፕሮቲን ምልክቱን አይቶ ይይዘዋል፣ ከዚያም ወደ ማፍረሻው ይላካል። ዕድሜው 5 ደቂቃ ያህል ነው። ኦክስጅን ሲያጥር አታሚዎቹ ሥራ ይፈታሉ። ያልታተመው ሂፍ ይተርፍና ወደ ሕዋሱ አስኳል ገብቶ ብዙ ጂኖችን ያስነሣል፤ ከእነዚህ አንዱ ቬጅፍ የሚሠራበት ነው። የዚህን ሰንሰለት ቀለበቶች የፈቱት ዊልያም ኬሊን፣ ፒተር ራትክሊፍና ግሬግ ሴመንዛ እ.ኤ.አ. በ2019 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ይህ ዝርዝር የሃይማኖትና የፍልስፍና ሰው ቆም ብሎ ሊያየው የሚገባ ነው። ሰውነት በደኅናው ቀን፣ ምንም ሳይጎድለው፣ መልእክተኛውን በየደቂቃው እየሠራ በየደቂቃው ያፈርሰዋል። ለቆጣቢ ዓይን ይህ ብክነት ነው። መከራው በመጣ ጊዜ ግን መልእክተኛ ፍለጋ አይኬድም፤ ማፍረሱ መቆሙ ብቻ ይበቃል። ጥሪው የሚወጣው ከእጦቱ ነው፣ ምላሹም ከጥሪው በፊት ተሰናድቶ የቆየ ነው። አማኝ ይህን ሲሰማ ቸርነትን ቢያይበት ማንም ሊፈርድበት አይገባም፤ ልመና ሳይፈጸም የሚሰማ አምላክ አለ ብሎ የሚያምን ሰው ከዚህ የቀረበ ምሳሌ በገዛ ገላው አያገኝም። ሆኖም ቸርነት የሚለው ቃል በኤንዛይሙና በቪኤችኤል መካከል የሚገባ ቀለበት አይደለም። ሰንሰለቱ ያለ እሱ የተያያዘ ነው። ቃሉ የሚናገረው ስለ ሰንሰለቱ መኖር ነው። የእምነትና የሳይንስ ክርክር ብዙውን ጊዜ ጉልበቱን የሚጨርሰው ይህን ባለመለየት ነው።

ቬጅፍ የታወቀው በሁለት በር ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ዶናልድ ሴንገርና ሃሮልድ ድቮራክ የደም ሥር ግድግዳን አሳስቶ ፈሳሽ የሚያሳልፍ ፕሮቲን አገኙ። በ1989 ናፖሊዮኔ ፌራራ የደም ሥር ሕዋሳትን የሚያባዛ ፕሮቲን ለየ። ኋላ ሁለቱ አንድ መሆናቸው ታወቀ። ለቁስል ሁለቱም ጠባይ ያስፈልጋል፤ ከሳሳው ግድግዳ የሚወጣው ፈሳሽ የፋይብሪኑን መረብ ያሰፋል፣ አዲሱ ሥርም በዚያ መረብ ላይ ይሄዳል። ትኩስ ቁስል ዙሪያው የሚያብጠውና የሚያዠው በከፊል ለዚህ ነው።

ከታፈነው መሃል የወጣው ቬጅፍ ወደ ዳር እየሳሳ ይሰራጭና ደኅናውን የደም ሥር ይደርሳል። በዚያ የውስጠኛውን ግድግዳ የሚሠሩት ሕዋሳት ይቀበሉታል። ከመካከላቸው አንዱ የያዘውን ንጣፍ በኤንዛይም በስቶ ጣት የሚመስሉ ተቀጥላዎችን ወደ ምልክቱ አቅጣጫ ይዘረጋል፤ ይህ የጫፍ ሕዋስ ይባላል። በዚያው ቅጽበት ለጎረቤቶቹ ሌላ ምልክት ይልካል፤ ኖች በተባለው መቀበያ በኩል የሚደርሳቸው መልእክት እናንተ አትምሩ፣ ተከተሉ የሚል ያህል ነው። እነሱ እየተባዙ ከኋላው ግንዱን ይሠራሉ፣ ውስጡም ተቦርቡሮ ቱቦ ይሆናል። ሁሉም ልምራ ቢሉ የደም ሥሩ ተበጣጥሶ ያልቅ ነበር። ደግሞም የጫፉ ሹመት ቋሚ አይደለም። ከተከታዮቹ አንዱ ምልክቱን አይሎ ከተቀበለ ቀድሞት ጫፉን ይይዛል፣ የነበረውም ወደ ኋላ ይመለሳል። ማን ይምራ የሚለው በየሰዓቱ እንደገና ይወሰናል፤ የሚወስነውም ከሕዋሳቱ ውጭ የቆመ አዛዥ ሳይኖር ነው።

የቬጅፍ ብዛት ብቻውን ሥራውን አይሠራም። ከዓይነቶቹ አንዳንዶቹ በሕዋሳት መካከል ባለው ድር ላይ የሚጣበቁ ናቸው፤ በዚህ የተነሣ ከመሃል ወደ ዳር እየቀነሰ የሚሄድ ደረጃ ይፈጠራል፣ የጫፍ ሕዋስም አቅጣጫውን የሚያውቀው በዚያ ነው። የማይጣበቀው ዓይነት ብቻ እንዲኖራቸው በተደረጉ የአይጥ ፅንሶች ላይ ሥሮቹ ሰፍተው ቅርንጫፋቸው አነሰ። የመጠኑ ነገር ደግሞ ከዚህም የጠበቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ሁለት የምርምር ቡድኖች ከሁለቱ የቬጅፍ ጂን ቅጂዎች አንዱ ብቻ የጎደለው የአይጥ ፅንስ ሳይወለድ እንደሚሞት አሳዩ። ግማሹ መኖሩ አላዳነውም።

ሌሎቹ አነሳሾች በየተራቸው ይገባሉ። ኤፍጂኤፍ ሕዋሳቱን ያባዛል። አንጂዮፖየቲን-2 የቆየውን ግድግዳ ያላላል፣ አንጂዮፖየቲን-1 አዲሱን ያጠብቃል። ፒዲጂኤፍ ደግሞ ፔሪሳይት የተባሉትን ደጋፊ ሕዋሳት ይጠራል፤ እነሱ እንደ መቀነት ይጠመጠሙበታል፣ ያልተጠመጠሙበት ሥር በቀላሉ ይጠፋል። ከ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን ባለው ጊዜ በቁስሉ ወለል ላይ ነርስ የምትደሰትበት ቀይ፣ እህል እህል የሚመስል ሥጋ ይወጣል። ሲነኩት የሚደማው በቀጫጭን ሥሮች የተሞላ ስለሆነ ነው። በዚህ ጊዜ የሥሮቹ ብዛት ከደኅናው ቆዳ ሁለትና ሦስት እጥፍ ሊደርስ ይችላል።

እዚህ ላይ ሻሪው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ይከብዳል። አዛዥ የለም፤ ሥርዓት ግን አለ። ይህን ውጥረት ከየትኛውም ዘመን አሳምረው ያዩት ሁለት የእስልምና ሊቃውንት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1111 ያረፈው አል-ገዛሊ በእሳትና በጥጥ ምሳሌ ተከራክሯል። ጥጥ እሳት ሲነካው ይቃጠላል፤ ዓይን የሚያየው ግን መንካቱንና መቃጠሉን አብረው ሲሆኑ ብቻ ነው፣ አንዱ ሌላውን የግድ እንደሚያመጣው አያይም። ለእሱ አቃጣዩ አላህ ነው፤ የእሳትና የጥጥ መከታተል አላህ ያጸናው ልማድ ነው። ከእሱ በኋላ በአንዳሉስ የኖረው ኢብን ሩሽድ በቀጥታ መለሰለት፦ ነገሮች የየራሳቸው ጠባይ ከሌላቸው ዕውቀት የሚባል አይኖርም፣ ምክንያትን የካደም አእምሮን ክዷል።

በእሳቱ ቦታ ቬጅፍን፣ በጥጡ ቦታ የደም ሥርን ማስቀመጥ ይቻላል። የአል-ገዛሊ ተከታይ የሂፍን ሰንሰለት ከዳር እስከ ዳር ሳይቃወም ያነባል፤ እያንዳንዱ ቀለበት የአምላክ ልማድ ነው። የኢብን ሩሽድ ተከታይም ያነባል፤ ለእሱ ቀለበቶቹ አምላክ ጠባይ የሰጣቸው ናቸው። ላቦራቶሪው በሁለቱ መካከል አይፈርድም። የተመራማሪው የዕለት ሥራ ወደ ኢብን ሩሽድ ያጋድላል፣ ይህ መካድ የለበትም። ጂኑ ሲጎድል ፅንሱ ሲሞት ያየ ሰው ቬጅፍ ኃይል የሌለው አብሮ ሂያጅ ነው ለማለት ይከብደዋል። አል-ገዛሊ የጠበቀው ግን ሌላ ነገር ነው፤ መከታተልን ማወቅ መከታተሉ ስለምን እንዳለ ማወቅ አይደለም። ይህን የሚዘነጋ ሳይንስ ካለ ከገዛ ድንበሩ አልፎ እየተናገረ ነው። አል-ገዛሊም ቢሆን መድኃኒት አትውሰዱ አላለም። ኢሕያእ ዑሉም አድ-ዲን በተባለው ትልቅ ሥራው፣ ስለ ተወኩል በጻፈበት ክፍል፣ ምክንያትን መጠቀም በአምላክ መመካትን እንደማይሽር ያስረዳል።

በክርስትናው በኩል ነገሩ የሚነገረው በታሪክ ነው። በትንቢተ ኢሳይያስ 38ኛ ምዕራፍ ንጉሥ ሕዝቅያስ በቁስል ታሞ ሊሞት ይደርሳል፤ በጸሎቱ 15 ዓመት ይጨመርለታል፤ ነቢዩ ደግሞ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲደረግ ያዝዛል። ዕድሜው ከላይ ተሰጥቶ ሳለ በለሱ ለምን አስፈለገ? ተራኪው መልስ አይሰጥም፣ ችግር እንዳለም አይታየውም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት የምትቆጥረው መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪምን ማክበርን ያስተምራል፤ መድኃኒትን ከምድር ያበቀለ እግዚአብሔር ስለሆነ አስተዋይ ሰው አይንቀውም ይላል። በቁርኣንም የአዩብ፣ የመጽሐፍ ቅዱሱ ኢዮብ፣ ነገር ከተነሣባቸው ምዕራፎች አንዱ 38ኛው ነው፤ ለታመመው ነቢይ የተነገረው ምድሩን በእግሩ እንዲመታ ነበር፣ ከዚያም የሚታጠብበትና የሚጠጣው ውኃ ፈለቀ። የሦስቱ ቁጥር መገጣጠም እንዲያው አጋጣሚ ነው። ሐሳባቸው መገጣጠሙ ግን ልብ ይነካል፤ በሦስቱም ውስጥ ፈውስ ከላይ ሆኖ በለስን፣ ቅጠልን፣ ውኃን አይንቅም።

በሐብሩና በአካባቢው ቁስል ላይ ሲደረግ የኖረው ከዚህ እምነት የወጣ ነው። ማር ይቀባል፤ በቁርኣን የንብ ምዕራፍም ፈውስ ያለበት ተብሎ ይነገርለታል። የእሬት ፈሳሽ ይደረጋል፣ በከርቤ ይታጠባል፣ ጠበል ይፈስበታል። ማር ከላቦራቶሪ ፈተና በደኅና ወጥቷል። ጣፋጭነቱ ውኃን ከተሕዋስ ይነጥቃል፣ አሲድነት አለው፣ በቁስሉ ፈሳሽ ሲቀጥን ጥቂት ጥቂት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያመነጫል፤ ነጭ ሕዋሳትንም ምልክት እንዲያወጡ ያነቃቃል። ለሕክምና የሚውለው ግን በጨረር ከተሕዋስ የጸዳው ማር ነው። በሌላ በኩል አፈር፣ እበትና የቆየ ቅቤ በቁስል ላይ ማድረግ መንጋጋ ቆልፍን ይጋብዛል። የሩፋኤልን ሹመት የሚያምን ሰው የሹሙን ሥራ በቆሻሻ ማወክ አይገባውም። ቁስል አጥቦ በንጹሕ ጨርቅ ማሰር ከጸሎት ጋር አይጣላም፤ ጠበል ከክትባት ጋር ይጣላል የሚል ትምህርትም ከላይ ከተጠቀሱት መጻሕፍት በአንዱም የለም።

ሥርዓቱ ሳይሳካ ሲቀር የሚነሣው ጥያቄ ከሁሉ ይመርራል። የስኳር ሕመም ባለበት ሰው እግር ላይ ትንሽ ቁስል ወራት ልትቆይ ትችላለች። የሚታፈን ሥጋ አለ፤ ሂፍ ግን በከፍተኛ የስኳር መጠን የተነሣ በደንብ አይጸናም፣ ቬጅፍ ያንሳል፣ ማክሮፋጆች ከማጽዳት ወደ መገንባት አይሻገሩም። ጥሪው ይወጣል ማለት ነው፣ ነገር ግን ደክሞ ይወጣል። በነርቭ መጎዳት ሰውዬው ሕመሙን እንኳ ላይሰማው ይችላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እዚህ ግን በሽታው ራሱን ከባለቤቱ ይደብቃል። እንዲህ ያለው ሰው እንደ ማንም ጸልዮአል፣ እንደ ማንም ተመርቋል። ምላሹ ተሰናድቶ ይጠብቃል የተባለው ለእሱ ለምን አልደረሰም? የኢዮብ ወዳጆች ለዚህ ዓይነት ጥያቄ በደለኛ ስለሆንህ ነው ብለው መለሱ፣ መጽሐፉም በመጨረሻ ወዳጆቹን ወቀሳቸው። ከዚህ በላይ ግልጽ የሆነ ትምህርት በጉዳዩ ላይ አይገኝም፤ ያልሻረ ቁስል የኃጢአት ማስረጃ አይደለም። ምክንያቱ ስኳሩ መሆኑን ማወቅ ደግሞ ለቁስለኛው ነጻነት ነው። ራሱን ከመክሰስ ያወጣዋል፣ ስኳሩን እንዲቆጣጠርና እግሩን በየቀኑ እንዲያይም ያደርገዋል።

የጎደለውን አነሳሽ ከውጭ መጨመር ተሞክሯል። ቤካፕለርሚን የተባለው ፒዲጂኤፍ የያዘ ቅባት እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ ለስኳር ሕመምተኞች የእግር ቁስል ተፈቀደ። ጥቅም ሰጥቷል፤ እንደተጠበቀው ግን ታሪክ አልለወጠም። ሥርዓቱ ብዙ ተራዎች ያሉት ስለሆነ አንዱን ተረኛ አብዝቶ ማስገባት የሌሎቹን ተራ አይሞላም። በ2008 ደግሞ ብዙ ቅባት በተጠቀሙ ሕመምተኞች ላይ የካንሰር ሞት ሊጨምር ይችላል የሚል ብርቱ ማስጠንቀቂያ ተጨመረበት፤ ከዓመታት በኋላ ማስረጃው እንደገና ተመርምሮ ማስጠንቀቂያው ተነሣ። ቢነሣም ስጋቱ ከባዶ የመጣ አልነበረም።

ስጋቱ የሚመጣው ከጁዳ ፎክማን ሥራ ነው። ፎክማን የአሜሪካ የቀዶ ሕክምና ሊቅ፣ የአይሁድ ረቢ ልጅ ነበር፤ በልጅነቱ አባቱ በሆስፒታል የታመሙትን ሲጠይቅ አብሮ ይሄድ ነበር። ሐኪም ለመሆን በቆረጠ ጊዜ አባቱ የረቢ መንፈስ ያለው ሐኪም እንዲሆን መከረው። እ.ኤ.አ. በ1971 ፎክማን ዕጢ የራሱን ደም ሥር ካልጠራ ከ1 ወይም 2 ሚሊሜትር በላይ አያድግም የሚል ሐሳብ አሳተመ። ለዓመታት ብዙዎች አልተቀበሉትም፤ በኋላ ትክክል ሆኖ ተገኘ። ዕጢ የሚጠራበት ምልክት ቁስል የሚጠራበት ነው፤ ያው ሂፍ፣ ያው ቬጅፍ። ድቮራክ በ1986 ዕጢን ከማይሽር ቁስል ጋር ያመሳሰለው ለዚህ ነው። በ2004 ቬጅፍን የሚይዝ ቤቫሲዙማብ የተባለ መድኃኒት ለአንጀት ካንሰር ተፈቀደ፤ ከጉዳቶቹ አንዱ የቀዶ ሕክምና ቁስል መሻርን ማዘግየቱ ነው።

የጥሩና የክፉ ጥያቄ እዚህ ላይ ቦታውን ይለውጣል። ቬጅፍ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ተብሎ ሊጠየቅ አይችልም። በጣት ቁስል ላይ ሕይወት የሰጠው በዕጢ ላይ ሕይወት ይነጥቃል፣ በሞለኪውሉ ላይ አንዲት አቶም ሳትለወጥ። ልዩነቱ በቦታው፣ በጊዜው፣ በልኩና በማቆሙ ነው። ክፋት የራሱ ባሕርይ የሌለው የመልካም ነገር መጉደል ወይም መዛነፍ ነው የሚለው የጥንት የቤተ ክርስቲያን አባቶች ትምህርት ለብዙዎች የቃላት ጨዋታ ይመስላቸዋል። በዕጢና በቁስል መካከል ግን እንደ ተጨባጭ ነገር ይታያል፤ ዕጢ የሚጎድለው የሥልጣኑ ማብቂያ ነው።

በሚሽር ቁስል ማብቂያው ይመጣል። አዲሱ ሥር ደም ሲያመጣ ኦክስጅን ይመለሳል፣ አታሚዎቹ ኤንዛይሞች ሥራቸውን ይቀጥላሉ፣ ሂፍ እንደገና በ5 ደቂቃ ይፈርሳል፣ የቬጅፍ ምንጭ ይደርቃል። ጥሪው በምላሹ ይሻራል። ይህ ብቻ አይበቃም፤ ሰውነት ሥር እንዲመለስ የሚያደርጉ ሌሎች ፕሮቲኖችንም ያወጣል። ትሮምቦስፖንዲን-1፣ ፔድፍና በሲኤክስሲአር-3 መቀበያ በኩል የሚሠሩ ምልክቶች የሥሩን ሕዋሳት በሥርዓት እንዲሞቱ ያደርጋሉ። አብዛኛው አዲስ ሥር እንዲህ በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል፤ የሚቀሩት ፔሪሳይት የተጠመጠመባቸውና ደም የሚመላለስባቸው ናቸው። ለቁስሉ የተሾሙት ሁሉ ቁስሉ ሲሻር አብረው ይሻራሉ። ሽረቱ ሲዘገይ ቆዳው ቀልቶና አብጦ ይቆያል፣ ጠባሳውም ይከፋል።

የሥሮች ብዛት ለመዳን የግድ አለመሆኑን የሚያሳዩ ሌሎች ምስክሮችም አሉ። የአፍ ውስጥ ቁስል ከቆዳ ቁስል ፈጥኖ፣ እምብዛም ጠባሳ ሳይተው ይድናል፤ የሚበቅልበት አዲስ ሥር ግን ከቆዳው ያነሰ ነው። ገና ያልጠና ፅንስ ቆዳው ቢቆረጥም ያለ ጠባሳ ይገጥማል። የአዋቂ ቆዳ የሚቸኩል ይመስላል፤ ሊቃውንት ይህን የሚያስረዱት በተሕዋስ ከመወረር በፊት ፈጥኖ መዝጋት ከአሳምሮ መዝጋት ይበልጥ ስለሚጠቅም ነው ብለው ነው። ጠባሳ እንዲህ የጥድፊያ ዋጋ ነው።

በዳግም ትንሣኤ ሰንበት የሚታሰበው ቶማስ የጌታን የችንካር ምልክት ያየው ከትንሣኤ በኋላ ነው፤ ሞት የተሻረበት ሥጋ ምልክቱን እንደያዘ ታየ። የቤተ ክርስቲያን መምህራን ምልክቱ የቀረው ለማስረጃ ነው ይላሉ፣ ያው ራሱ የተሰቀለው መሆኑ እንዲታወቅ። በሰው ቆዳ ላይም ጠባሳ ያለፈውን ይመሰክራል። ፋይብሮብላስት የተባሉት ሕዋሳት የሠሩት ኮላጅን ለወራት፣ አንዳንዴ ከዓመት በላይ እየታደሰ ይደረደራል። ደም ሥሩ በሳሳ መጠን መቅላቱ ይጠፋል። በማጭድ የተቆረጠችው ጣት ወደ አጨዳ ስትመለስ በጠባሳው ላይ ጸጉር አይበቅልም፣ ላብ አይወጣም፤ ጥንካሬውም ቢበዛ ከቀድሞው ቆዳ ከመቶ 80 ያህሉ ነው።